በአዲስ እሳተ ገሞራ ግርጌ ምን ልዝራ?

ጥያቄ፦ መሬቴ ያለው ገና አዲስ በሆነ የእሳተ ገሞራ ኮረብታ ግርጌ ነው። ከፊሉን ቀልጦ የወረደው ጥቁር አለት ሸፍኖታል፤ የቀረው አመድና ባለ ብዙ ቀዳዳ ጥቁር ኮረት ለብሷል። የእሳተ ገሞራ አፈር ለም ነው ሲባል እሰማለሁ፤ የእኔ በቆሎ ግን ገርጥቶ ይቀራል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ለም የሚባለው አለቱ በረጅም ዘመን ፈራርሶ፣ ብስባሽ ገብቶበት አፈር ሲሆን ነው። አዲስ አመድ ፖታሲየምና ካልሲየም ቢኖረውም ናይትሮጅን የለውም ማለት ይቻላል። በቆሎውን ጠጋ ብለው ይዩት፦ የታችኞቹ ቅጠሎች ከጫፋቸው ጀምረው በመሐል አከርካሪው በኩል ቢጫ ከሆኑ፣ የጎደለው ናይትሮጅን ነው።

አለቱን ይተዉት። በልጅ ልጅዎ ዘመንም አይታረስም፤ ስለታም ጠርዙም የከብት ኮቴ ይቆርጣል። የተበተነው ድንጋይ ለካብ ይሆናል።

ተስፋዎ ያለው በአመዱ በኩል ነው። እስከ አሮጌው አፈር ድረስ በተለያየ ቦታ ይቆፍሩና ውፍረቱን ይለኩ። 10 ሴንቲሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ከነባሩ አፈር ጋር አርሰው ያቀላቅሉት፤ የበሰበሰ ፍግ ይጨምሩ፤ በመጀመሪያው ዓመት በበቆሎ ፋንታ ጥራጥሬ ይዝሩ።

ወፍራም ከሆነ በማረስ አይድከሙ። በስፔኗ ላንሳሮቴ ደሴት፣ እ.ኤ.አ. ከ1730 እስከ 1736 የፈነዳው እሳተ ገሞራ ማሳውን ከቀበረ በኋላ ገበሬዎቹ ኮረቱን ሰንጥቀው እስከ አሮጌው አፈር ቆፈሩ፤ በየጉድጓዱ አንድ የወይን ተክል አኖሩ፤ በነፋሱ በኩል በግማሽ ክብ ዝቅተኛ ካብ ካቡለት። ዝናቡ እጅግ ጥቂት በሆነበት አገር ወይኑ ዛሬም ያፈራል፤ ምክንያቱም ኮረቱ ውኃውን ቶሎ ወደ ታች ያሳልፍና ከላይ ሆኖ እንዳይተን ይከድነዋል። እኔ በዚህ ዘዴ በጣም አምናለሁ፤ ድካሙ ግን ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ ለዓመታዊ እህል ሳይሆን ለፍራፍሬ ዛፍ ያውሉት። ሥሩ አሮጌውን አፈር መንካት አለበት፤ ኮረት ውስጥ ብቻ ከቀረ ይደርቃል።

ከብቶችዎን በተመለከተ፦ አመድ በቅርቡ የወደቀበትን ሣር አያስግጡ። ፍሎራይን የተባለ መርዝ ሊኖርበት ይችላል፤ ጥርስና አጥንት ያበላሻል። እ.ኤ.አ. በ1783 በአይስላንድ ላኪ የተባለው እሳተ ገሞራ ከፈነዳ በኋላ አብዛኛው በግ ያለቀው በአንድ በኩል በዚሁ መርዝ ነው። ዝናብ ደጋግሞ እስኪያጥበው ድረስ የተከማቸ መኖ ይስጧቸው፤ የውኃ ገንዳቸውንም ይክደኑ።