ላፕቶፔ ይነቃል፣ ዋይፋዩ ግን አይነቃም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ ነው የምኖረው፤ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ዊንዶውስ 10 ያለው ላፕቶፕ አለኝ። ባትሪው ስለደከመ መብራት ሲሄድ ቶሎ ብዬ ሃይበርኔት አደርገዋለሁ። መብራት መጥቶ ስከፍተው ኤክሴሉ ስሠራበት የነበረው ሴል ላይ ይመጣል። ዋይፋዩ ግን የለም፤ ምልክቱ ራሱ ይጠፋል። የሚገርመኝ፣ ሻት ዳውን አድርጌ ብከፍተውም አይመለስም፤ ሪስታርት ሳደርገው ግን ይመለሳል። ጥገና ቤት ወስጄው «ካርዱ ተቃጥሏል፣ የዩኤስቢ ዋይፋይ ግዢ» አሉኝ። ልግዛ?

መልስ፦ አትግዢ፣ እህቴ። የተቃጠለ ካርድ ሪስታርት ስለተደረገ አይድንም። ጥፋቱ ያለው ድራይቨሩ ጋ፣ ማለትም ዊንዶውስ ካርዱን የሚያዝበት ፕሮግራም ጋ፣ ይመስለኛል፤ ማስረጃውን ደግሞ ራስሽ ጽፈሽልኛል።

ሃይበርኔት ስታደርጊ ዊንዶውስ ራም ላይ (ኃይል ሲቋረጥ ባዶ የሚሆነው የሥራ ሚሞሪ ላይ) ያለውን ዲስክ ላይ በአንድ ድብቅ ፋይል ይጽፍና ኮምፒውተሩን ያጠፋዋል። ስትከፍቺው ፋይሉን አንብቦ ወደ ራም ይመልሰዋል። ኤክሴልሽ እንዳለ የሚመጣው ለዚህ ነው። የዋይፋይ ካርዱ ግን የራሱ ትንሽ ሚሞሪ አለው። የእሱን ማንም ዲስክ ላይ አልጻፈለትም። ኃይል ሲቋረጥበት የነበረበትን ሁሉ ይረሳል። ብዙዎቹ ካርዶች የሚሠሩበትን ፈርምዌር፣ ማለትም የካርዱን የውስጥ ፕሮግራም እንኳ ሲነሱ በድራይቨሩ እጅ ነው የሚቀበሉት።

በሙያሽ ልንገርሽ። መዝገቡ ካዝና ውስጥ ገንዘብ አለ ይላል፤ ካዝናው ሲከፈት ባዶ ነው። መዝገቡ ራሙ ነው፣ ካዝናው ካርዱ። ዊንዶውስ ሲነቃ ድራይቨሮቹን ሁሉ «ተመልሰናል፣ ዕቃችሁን አስነሱ» ይላቸዋል። ጥሩ ድራይቨር መዝገቡን ብቻ አያምንም፤ ቆጠራ ያደርጋል። ካርዱን ከዜሮ ያስነሳዋል፣ ፈርምዌሩን ይጭንለታል፣ ሬጂስተሮቹን፣ ማለትም የካርዱን የቅንብር ሳጥኖች፣ አንድ በአንድ ይሞላል። በደንብ ያልተጻፈ ድራይቨር ግን ካርዱ እንደተወው የሚጠብቀው ይመስለዋል። ትእዛዝ ይልካል፤ መልስ የለም። በዚያ ላይ ዊንዶውስ ከመመለሱ በፊት ባዮሱ፣ ማለትም ላፕቶፑ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው ፕሮግራም፣ ቀድሞ ተነስቶ ዕቃዎቹን ይነካካቸዋል። ስለዚህ ድራይቨሩ የሚያገኘው የትናንቱም፣ አዲስም ያልሆነ ካርድ ሊሆን ይችላል።

ሻት ዳውን ለምን አልረዳሽም? ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ፋስት ስታርትአፕ የሚባል ነገር አለ። ይህ ሲበራ ሻት ዳውን እውነተኛ መዝጋት አይደለም። የከፈትሻቸውን ፕሮግራሞች ይዘጋል፤ የዊንዶውስን ልብና ድራይቨሮቹን ግን ሃይበርኔት ያደርጋቸዋል። ጠዋት ያው የተሳሳተ መዝገብ ይመለሳል። ሪስታርት ግን ሁሉንም ከባዶ ያስጀምራል። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም፤ ብዙ ደህና ካርድም በዚህ ምክንያት ተጥሏል። እኔም ጥገና ስጀምር የአንድ ደንበኛ ካርድ ቀይሬ፣ አዲሱም ከሃይበርኔት በኋላ ሲጠፋ ነው ነገሩ የገባኝ። ገንዘባቸውን መለስኩላቸው።

አሁን ላፕቶፑ ዋይፋዩን አጥቶ ሳለ፣ ሪስታርት ሳታደርጊ፣ ይህን ሞክሪ። የስታርት ምልክቱን በማውሱ የቀኝ ቁልፍ ጠቅ አድርጊና ዲቫይስ ማኔጀርን ክፈቺ። ኔትወርክ አዳፕተርስ የሚለው ሥር የዋይፋይ ካርድሽን ፈልጊ። አጠገቡ ትንሽ ቢጫ ሦስት ማዕዘን ታያለሽ ብዬ እጠብቃለሁ፤ ሁለቴ ጠቅ ስታደርጊው ኮድ 10 ሊል ይችላል፣ «ዕቃው ሊነሳ አልቻለም» ማለት ነው። በቀኝ ጠቅ አድርገሽ ዲሴብል በዪው። አሥር ሰከንድ ያህል ጠብቀሽ ኢኔብል በዪው። ይህ ድራይቨሩን አውጥቶ እንደ አዲስ ያስገባዋል። ዋይፋዩ ከመጣ ካርዱ ጤነኛ ነው፤ የከፈትሽውን ሥራም አላጣሽም።

ዘላቂው መፍትሔ ድራይቨሩን መቀየር ነው። ላፕቶፑ ጀርባ ላይ ያለውን የሞዴል ቁጥር ይዘሽ ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርጂው። «ድራይቨር ሁሉ በአንድ ጊዜ አድሳለሁ» የሚሉትን ፕሮግራሞች ግን እባክሽ አትጫኚ፤ የማይመለከተውን ድራይቨር አስገብተው ሌላ ጣጣ ሲያመጡ ደጋግሜ አይቻለሁ። ፋስት ስታርትአፕንም ከኮንትሮል ፓነል ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ አጥፊው። ላፕቶፑ ሲነሳ ትንሽ ይዘገያል፤ ሻት ዳውን ያልሽው ግን በእርግጥ ይዘጋል። እስከዚያው ሺፍትን ተጭነሽ ሻት ዳውን ብትዪ ለዚያች ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይዘጋልሻል።

ሃይበርኔት ማድረጉን አትተዪ። ባትሪሽ ደካማ ስለሆነ ሥራሽን የሚያድንልሽ እሱ ነው። ብቻ ፍላሽ ከሰካሽ ከማስተኛትሽ በፊት ሴፍሊ ሪሙቭ ብለሽ ንቀዪው። ላፕቶፑ ተኝቶ ሳለ ፍላሹን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ጽፈሽበት ብትመልሺው፣ እዚህም መዝገቡና ካዝናው ሊለያዩ ይችላሉ፤ በዚህኛው የሚበላሸው ፋይልሽ ነው።