«ሙቱ» ከዓረብኛ የተወሰደ ነው ወይ ለሚለው ጥያቄ

ሰላም ወንድሜ፣ ናይጄሪያ ካኖ የሚሠራው የአክስትህ ልጅ ሃውሳዎች «ያ ሙቱ» ሲሉ «ሞተ» ማለታቸው ነው ብሎህ፣ ከዓረብኛ ወስደውት ነው ወይስ ዘመድ ነን፣ የአንድ ቃል ታሪክስ እንዴት ነው የሚጣራው ብለሃል። ዘመድ ነን፣ በጣም ሩቅ ግን የእውነት፣ ሃውሳም አማርኛም ዓረብኛም አፍሮ እስያ ከሚባለው የቋንቋ ቤተሰብ ናቸው። እኔ ማስተርሴን ስማር በዚሁ ጉዳይ ወራት ስለፈጀሁ ያየሁትን ልንገርህ።

ሃውሳ ብቻውን አይደለም፣ ናይጄሪያ ኒጀር ካሜሩንና ቻድ ውስጥ ከ150 በላይ የቻዲክ ቋንቋዎች (የዚሁ ቤተሰብ አንዱ ቅርንጫፍ) አሉ፣ ሃውሳ ትልቁ ነው እንጂ ወላጃቸው አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ የምትጠይቀው «አማርኛ ላይ ምን ይመስላል» ሳይሆን «ወንድሞቹ ጋ አለ ወይ» ነው። ዶርም አብሮኝ የነበረው ልጅ ከፖቲስኩም ነበር፣ ፖቲስኩም ማለት ዮቤ ስቴት ውስጥ ቦሌ፣ ንጊዚምና ካሬካሬ ጎን ለጎን የሚነገሩባት ከተማ ናት። እሱ በቦሌ «ሞቱ»፣ በንጊዚም ደግሞ «ምቱ» ይባላል አለኝ፣ ወደ ቻድ ስትሄድም እነ ሙቢ የሚባሉት ቋንቋዎች ጋ መ እና ተ ይዞ ታገኘዋለህ፣ ዓረብኛ ከመድረሱ በፊት ተለያይተው የኖሩ ሕዝቦች ሁሉ አንድ ቀን ተስማምተው «መሞት»ን ተበደሩ ማለት አይቻልም። የጥንት ግብፅም፣ በርበርም፣ ግዕዝም አላቸው።

ከዓረብኛ የመጣ ቃል ደግሞ ራሱ ይናገራል። ሽንኩርት በሃውሳ «አልባሳ» ነው፣ ጊዜ «ሎካቺ»፣ የዓረብኛዋ «አል» (እንደ እንግሊዝኛው «ዘ» ያለችው) ተለጥፋ ቀርታለች፣ «ሎካቺ» ላይ ለ ብቻ ሆና። ገበያ «ካሱዋ» ነው፣ ይሄ የመጣው ከካኑሪ ነው፣ ካኑሪ ደግሞ ከነጭራሹ የኛ ቤተሰብ አይደለም፣ ናይሎ ሰሃራ የሚባለው የሌላ ቋንቋ ቤተሰብ ነው። ባባና ማማ ዓይነቱንም ከምታወዳድራቸው ቃላት አውጣው፣ ሕፃን የትም አገር እንደዛ ነው የሚለው።

አሁን ወደሚከብደው። ምላስ በሃውሳ «ሃርሼ» ይባላል፣ ቋንቋም ማለት ነው፣ ልክ ልሳነ ግዕዝ እንደምንለው። እኔ «ከልሳን ጋር አይገናኝም» ብዬ ጽፌ አስተማሪያችን ብዙ ቁጥሩን አይተኸዋል ወይ ብላ መለሰችልኝ። ብዙ ቁጥሩ «ሃርሱና» ነው፣ ሸ የነበረችው ሰ ሆነች! ከኤና ከኢ በፊት ሰ ወደ ሸ፣ ተ ወደ ቸ ይለወጣል፣ አፍንጫም «ሃንቺ» ሆኖ ብዙ ቁጥሩ «ሃንቱና» ነው። እኛም'ኮ ከጨረሰ ጨራሽ፣ ከከፈተ ከፋች እንላለን፣ ያው ነው። ቀጥሎ መጀመሪያዋን «ሃ» እያት፣ እጅ «ሃኑ»፣ ጥርስ «ሃቆሪ»፣ አገጭ «ሃባ»፣ የሰውነት ክፍል ላይ እየደጋገመች የምትመጣ ጥንታዊ ቅጥያ ናት፣ ፖል ኒውማን የሚባለው ትልቅ የቻዲክ ምሁር ነው ይሄን ያብራራው። እሷን ስታነሳት ር እና ሰ ይቀሩሃል። ር የምታደናግረኝ ነበር፣ ጓደኛዬ ግን «ኒጀር ያሉ ሰዎች'ኮ ሃልሼ ይላሉ» አለኝ፣ እውነቴን ነው ከአልጋዬ ተነሳሁ፣ ለ እና ሰ፣ ልሳን! ቃሉ ተደብቆ የነበረው እኔ መዝገበ ቃላት ብቻ ስለማይ ነው፣ ዘዬ ሳትጠይቅ አትደምድም።

ስለዚህ ዋናው ነገር መመሳሰሉ ሳይሆን ልዩነቱ ሕግ አለው ወይ የሚለው ነው። አራት በሃውሳ «ሁዹ» ነው (ዸ ያልኩት ኦሮምኛን በፊደላችን ስንጽፍ የምንጠቀምባትን ነው፣ ድምፁ ይቀራረባል)፣ በቦሌ «ፎዾ»፣ በንጊዚም «ፍዹ»። ሃውሳ ከኡ በፊት ፈን ወደ ሀ ስለሚለውጥ ነው እንጂ አንድ ቃል ናቸው፣ የጥንት ግብፆችም አራትን ፍ-ድ-ው ብለው ነው የጻፉት። የኛ «አራት» ግን ከሌላ ሥር ነው፣ ስለዚህ ዘመድ ቋንቋ ሁሉ ሁሉን ቃል ይጋራል ብለህ እንዳትጠብቅ።

በመጨረሻ አንድ ነገር፣ የአክስትህን ልጅ ሃውሳ ብቻ እየጠየቅክ አትቁም። ውሃ በሃውሳ «ሩዋ» ነው፣ ከኛ ጋር ምንም አይገናኝም ትል ይሆናል። ንጊዚም ግን «አም» ይላል፣ የድሮው የቻዲክ ቃል ይሄ ነው፣ ብዙ ምሁራን ከግዕዙ «ማይ» ጋር ያዛምዱታል። ትልቁ ሃውሳ ጥሎት ትንሹ ንጊዚም ያዘው፣ እኛም «ውሃ» ስንል ማይን ያቆዩት ትግርኛ ተናጋሪዎች ናቸው።