ጀርባውን ገልብጠው ይዩት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሱሉልታ ቤት ሠርተን ከገባን ዓመት አልሞላንም። ብርዱን አልቻልነውም። ሳሎን ውስጥ የእሳት ምድጃ አሠራንና ዙሪያውን ሴራሚክ አስለጠፍን። ማንደድ በጀመርን በሁለተኛው ሳምንት ከምድጃው አፍ በላይ ያሉት 4 ሴራሚኮች ረገፉ። ሠራተኛው «እሳት አብዝታችሁ ነው» ይላል። በዚያው ኮላ መልሶ ቢለጥፋቸው ይይዛሉ?
የሱሉልታዋ

መልስ፦ እህቴ፣ ምድጃ ላይ እሳት በዛ ብሎ ነገር አለ እንዴ? ሊነድበት አይደል የተሠራው! ሴራሚኩ ራሱ ፋብሪካ ውስጥ 1000 ዲግሪ ገደማና ከዚያም በላይ ተቃጥሎ የወጣ ነው። የእርስዎ የባህር ዛፍ ፍልጥ አያስደነግጠውም። ሙቀቱን ያልቻለው ከኋላው ያለው ነው።

ከወደቁት አንዱን ገልብጠው ጀርባውን ይዩ። ነጭ ዱቄት ይዞ ከመጣ ከሥሩ ያለው ጂፕሰም ነው። የእርስዎም ይኸው ይመስለኛል፤ አሁን ግድግዳን በጂፕሰም ማሳመር በየቤቱ ተለምዷል። ጂፕሰም ውስጡ ውሃ አለ። ሲሞቅ ውሃውን ይለቅና ይፈረፈራል። ሙቀት ደግሞ ወደ ላይ ስለሚወጣ ቀድመው የሚረግፉት ከአፉ በላይ ያሉት ናቸው። ጀርባው ንጹህ ከሆነና የኮላው መስመር ግድግዳው ላይ እንደቆመ ከቀረ ግን ኮላው ላዩ ከደረቀ በኋላ ነው የተለጠፈው። በእናንተ ነፋስ ይህም ይሆናል።

አልፈርድበትም፤ እኔም በጀማሪነቴ ይህንኑ ሠርቻለሁ። ሰንዳፋ አንድ ቤት ጂፕሰሙን መንቀል ሰነፍኩና ላዩ ላይ ለጠፍኩ። ከሳምንታት በኋላ ቀሪ ሂሳቤን ልቀበል ሄድኩ። እሳቱ ነዷል፣ ቡና ተፈልቷል። አቦሉን ጠጥተን ቶናው ሲቀዳ አንዱ ሴራሚክ ተንሸራቶ ረከቦቱ ላይ አረፈ። ሁለት ስኒ ሰበረ። ሂሳቡን ሳልጠይቅ ወጣሁ።

ስለዚህ መልሶ መለጠፉ አይሠራም። የቀሩትንም በሳንቲም ያንኳኩ፤ እንደ ባዶ ጣሳ የሚጮኸው ሁሉ ይነሳ። ጂፕሰሙና ቀለሙ ብሎኬቱ እስኪታይ በመሮ ይነቀል። ከዚያ በሲሚንቶና በአሸዋ ይለሰን፣ ጥቂት ቀን ውሃ ይጠጣ፣ በደንብ ይድረቅ። ኮላው በከረጢት የሚሸጠውና በውሃ የሚበጠበጠው የሲሚንቶ ኮላ ይሁን፤ ከረጢቱ ላይ ሙቀት እንደሚችል የተጻፈበትን መርካቶ ጠይቁ። በባልዲ ተበጥብጦ የሚሸጠው እንዳይሆን፤ ሙቀት ሲያገኘው ይለሰልሳል። በሴራሚኮቹ መሃል 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይተው። ሙቀት ያሳብጣቸዋልና መላወሻ ይፈልጋሉ።

እሳቱ የሚነድበትን ውስጡን ግን ሴራሚክ አያስነኩት። እዚያ የሚገባው እሳት የሚችል ጡብ ብቻ ነው። ወለሉ ፓርኬ ከሆነ ከምድጃው ፊት ቢያንስ 40 ሴንቲ ሜትር በሴራሚክ ወይም በድንጋይ ይሸፈን፣ ምንጣፉም ይራቅ። ባህር ዛፍ ፍንጣሪ ይወዳል።

ከተለጠፈ በኋላ እኔ 2 ሳምንት አስጠብቃለሁ። መጀመሪያ ጭራሮ ብቻ፣ ፍልጡ ቀስ ብሎ ይግባ። ወጪውን በተመለከተ፣ ሰውየው ጂፕሰም መሆኑን እያየ ከለጠፈ የእጅ ዋጋውን እሱ ይቻል፤ ኮላና ሲሚንቶውን እርስዎ ይግዙ። እስከዚያው ጋቢ ይደርቡ።