«ኃጢአተኛ ነኝ» እላለሁ፤ ሌላ ሰው ሲያርመኝ ግን ያመኛል

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? በሰንበት ትምህርት ቤት መዘመር ከጀመርኩ 6 ዓመት ሆኖኛል። እጾማለሁ፣ አስቀድሳለሁ። በቅርቡ መዝሙር ስናጠና ገና አዲስ የገባች ልጅ «እዚህ ጋ ግእዙን ተሳስተሻል» አለችኝ። ልክ ነበረች። እኔ ግን ሳምንቱን ሙሉ ስብሰለሰል ሰነበትኩ። ለካ ትዕቢተኛ ነኝ ብዬ ደነገጥኩ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ በመደንገጥሽ ደስ ብሎኛል። ብዙዎቻችን እንዲህ ሲያጋጥመን «ሥርዓት የላትም» ብለን ነገሩን ወደ ሌላው እንገፋዋለን። አንቺ ራስሽን አየሽ።

እኛ ዘንድ ትሕትና የሚመስል ነገር ብዙ ነው። አንገት እንደፋለን። ወንበር ሲለቀቅልን «ኧረ አይገባኝም» እንላለን። «እኔ ምናምንቴ» ማለትም አይከብደንም። ይህ አንዳንዴ ይሉኝታ ነው፤ አንዳንዴም ውዳሴ ከንቱ ፍለጋ። የሚለየው ስለ ራሳችን የምንለውን ሌላ ሰው ሲለን ነው።

በሉቃስ 18 ያለውን ፈሪሳዊ አስቢው። ዋሸ አልተባለም። በሳምንት ሁለት ጊዜ ይጾማል፣ አሥራት ያወጣል። ዓይኑ ግን ሊጸልይ በመጣው ቀራጭ፣ በግብር ሰብሳቢው ላይ ነበር። በጾሙ ሌላውን ለካበት። «አገልግሎት ትዕቢት አመጣብኝ» ብለው የሚተዉ አሉ፤ እኔ በዚህ አልስማማም። አንቺ ጾምሽንም መዝሙርሽንም ያዢ። መመለስ ያለበት ዓይናችን ነው።

በጸሎተ ሐሙስ ካህናቱ በወይንና በወይራ ቅጠል እግራችንን ሲያጥቡን አይተሻል። ያን ቀን ጌታችን ዝቅ ብሎ የደቀ መዛሙርቱን እግር ስለ ማጠቡ እንሰብካለን፤ ተገቢም ነው። እኔን ግን ሁልጊዜ የጴጥሮስ ነገር ይይዘኛል። «የእኔን እግር ለዘላለም አታጥብም» አለ። ሲሰሙት ትሕትና ይመስላል። ጌታ ግን «ካላጠብሁህ ከእኔ ጋር ዕድል የለህም» አለው። እግርን ለሚያጥብ መስጠትም ትሕትና ነው፤ ያውም ከማጠብ የሚከብድ። አቧራሽን ሌላ ሰው ያይብሻላ! ያቺ ልጅ ያን ዕለት እግርሽን አጥባሻለች ብዬ አስባለሁ።

እንግዲህ ሂጂና «ልክ ነበርሽ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» በያት። ማብራሪያ አትጨምሪ። «ደክሞኝ ስለነበር ነው» የምትለዋ ቃል ሁሉን ታበላሻለች። ከቻልሽ የሚከብድሽን ሌላ ንባብም እንድትሰማልሽ ጠይቂያት። ይህ ያንቃል፣ አውቃለሁ።

ሰው ሲያመሰግንሽ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለሽ ዝም በይ። «ኧረ እኔ ምንም አልችልም» እያሉ መከራከር ሁለተኛ ምስጋና ይጠራል። ማንም የማያውቅልሽ አንድ ሥራም ይኑርሽ፤ አዳራሹን ቀድሞ ገብቶ መጥረግም ቢሆን።

ለንስሐ አባትሽ ስትናገሪ «ትዕቢት አለብኝ» ብለሽ አትለፊው። የልጅቷን ነገር፣ ሳምንቱን እንዴት እንዳሳለፍሽ፣ በልብሽ ምን እንዳልሻት ንገሪያቸው። ስግደቱንም እርሳቸው እንደ አቅምሽ ይነግሩሻል። በደልን ሁሉ ዝም ብሎ መሸከም ግን ትሕትና አይደለም። ጌታችንም በጥፊ ሲመታ «ስለ ምን ትመታኛለህ?» ብሎ ጠይቋል። ልጅቷ ግን አልበደለችሽም፤ አርማሻለች።

ብስጭቱ ነገም ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ያን ጊዜ ከራስሽ ጋር አትሟገቺ። የቀራጩን ጸሎት ያዢ፦ «አምላክ ሆይ፣ እኔን ኃጢአተኛዋን ማረኝ»። ስሟን ጠርተሽም ለእርሷ ጸልዪላት።