ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «መነጽሬን ስጪኝ፤ አልሰማ አለኝ»

ጥያቄ፦ እናቴ 68 ዓመታቸው ነው። ሳወራቸው «መነጽሬን ስጪኝ፤ የምትዪው አልሰማ አለኝ» ይላሉ። የልጅ ልጆቻቸው ይስቃሉ፤ እኔ ግን የመርሳት በሽታ ጅምር እንዳይሆን ሰግቻለሁ።

መልስ፦ ልጆቹ ሳቃቸውን ይተዉ፤ እናትዎ ልክ ናቸው። ሰው ንግግር የሚሰማው በጆሮው ብቻ አይደለም።

እስቲ መስታወት ፊት ቆመው «ፈራ»፣ ቀጥሎ «ሠራ» ይበሉ። በመጀመሪያው የላይኛው ጥርስዎ የታችኛውን ከንፈር ይነካል፤ በሁለተኛው አይነካም። ዕድሜ ሲገፋ ቀድሞ የሚደክመው ቀጭን ድምፅ የሚቀበለው የጆሮ ክፍል ስለሆነ፣ እነዚህ ሁለት ቃላት በጆሮ ይምታታሉ። ዓይን ግን ይለያቸዋል። «በራ» እና «መራ» ደግሞ ከንፈር ላይ አንድ ዓይነት ናቸው፤ እነሱን የሚለየው ጆሮ ነው።

ዓይን ያየውንና ጆሮ የሰማውን የሚያገጣጥመው አንጎል ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ማክገርክና ማክዶናልድ የተባሉ ተመራማሪዎች «ጋ» የሚል አፍ እያሳዩ «ባ» የሚል ድምፅ ቢያሰሙ፣ አብዛኞቹ አዋቂዎች የሰሙት «ዳ» ነበር። ዓይን ሲጨፈን «ባ» ይመለሳል።

ይህ ስጦታ የሰው ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 ጋዛንፋርና ሎጎቴቲስ ለሬሰስ ጦጣዎች ሁለት የጦጣ ፊቶችን ጎን ለጎን አሳይተው አንድ ድምፅ አሰሙ፤ ጦጣዎቹ አብዝተው የተመለከቱት ከድምፁ ጋር የሚሄደውን ፊት ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ የጦጣ አንጎል የመስማት ክፍል ራሱ፣ ፊት ሲታከልበት ለድምፅ የሚሰጠው ምላሽ እንደሚለወጥ ታየ። የእኛዎቹ የሰሜን ተራሮች ጭላዳዎችም አሉ፤ ወንዱ ድምፅ እያሰማ ከንፈሩን ያርገበግባል፣ ምቱም ከሰው ንግግር ምት ጋር ይቀራረባል።

በኮቪድ ጊዜ ጭምብል አድርጌ ሳነጋግራቸው «ዶክተር፣ ምን አሉኝ?» የሚሉኝ አዛውንቶች በዝተው ነበር። ጭምብሉ ድምፄን ከማፈኑም በላይ ከንፈሬን ጋርዶባቸው ነው።

ስለዚህ መነጽር መጠየቃቸው ብቻውን የመርሳት በሽታ ምልክት አይደለም። የመስማት ችግር ሳይታከም ሲቆይ ግን ለመርሳት በሽታ የሚያጋልጥ አንዱ ምክንያት ነውና ጆሯቸውን ያስመርምሩላቸው። አንዳንዴ ችግሩ የተጠራቀመ ኩክ ብቻ ሆኖ ይገኛል። ዓይናቸውም ይታይ፤ ሞራ ጀምሯቸው ሊሆን ይችላል። ከመስማት ጋር የማይያያዝ መርሳት ካዩባቸው፣ ለምሳሌ የለመዱት መንገድ ከጠፋባቸው፣ ለሐኪሙ ይንገሩ።

ቤት ውስጥ ከጀርባቸው ወይም ከማጀት ሆነው አይናገሯቸው። መጀመሪያ ይጥሯቸው፣ ፊትዎን ሲያዞሩላቸው ብርሃኑ እርስዎ ላይ ይረፍ፤ መስኮቱ ከኋላዎ ከሆነ ፊትዎ ይጠቁርባቸዋል። አይጩኹ፤ ጩኸት የአፍን ቅርጽ ያበላሻል። ረጋ ብሎ መናገር ይበልጣል። ውጭ አገር ያሉ ልጆቻቸውም ሲደውሉ በቪዲዮ ቢሆን ይመረጣል።

አንድ ጆሯቸው በድንገት መስማት ካቆመ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ዕለት ሐኪም ዘንድ ይውሰዷቸው።