መልስ፦ ደንበኛው የሚያሳየኝን የክፍያ ደረሰኝ ልመን?

ጤና ይስጥልኝ። ደንበኛ በስልኩ የሚያሳይዎትን ደረሰኝ አይተው ዕቃ ማስረከብ ይበቃ እንደሆነ ጠይቀዋል፤ በእኔ እምነት አይበቃም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ፣ ባንኮችም የየራሳቸውን የስልክ መተግበሪያ ካስፋፉ ወዲህ ጥሬ ገንዘብ ሳይዝ የሚመጣው ገዢ እየበዛ ቢሄድም፣ የደረሰኝ ምስል በቀላሉ ሊቀናበር ስለሚችል፣ ገንዘቡ መግባቱን በራስዎ ሒሳብ ሳያረጋግጡ ዕቃውን አይልቀቁ። እኔ ግማሽ ኩንታል ጤፍ የሸኘሁት «ተልኳል» የሚል አረንጓዴ ምልክት አይቼ ነው፤ ገንዘቡ ግን እስከ ዛሬ አልገባም። የባንክ አጭር መልእክትም ኔትወርክ ሲጨናነቅ ይዘገያልና፣ ቀሪ ሒሳብዎን ከፍተው ይመልከቱ። ሱቁን የሚጠብቀው ሠራተኛ ከሆነ ደግሞ፣ ማረጋገጫው እርስዎ ኪስ ካለው ስልክ ይልቅ ሱቁ ውስጥ በሚቀመጥ ስልክ እንዲደርስ ያድርጉ።