ቤት ለመልቀቅ በስልክ መንገር ይበቃል?

ጥያቄ፦ የ1 ዓመት የኪራይ ውሌ ካለቀ በኋላ ሳናድሰው በየወሩ እየከፈልኩ ቆየሁ። በዚህ ወር መጨረሻ እንደምለቅ ለአከራዬ በስልክ ስነግራቸው «ችግር የለም» አሉኝ። አሁን ግን «በጊዜ አላሳወቅከኝም፤ የ1 ወር ኪራይ ከማስያዣህ እቆርጣለሁ» እያሉ ነው። መብት አላቸው?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ መጀመሪያ ያንን ውል ያውጡና ያንብቡት። ጊዜው አልፎበታል ብለው አይተዉት። ተከራይ ቤቱን ሳይለቅ፣ አከራይም ኪራይ መቀበሉን ሳያቆም ከቀጠሉ፣ በብዙ አገሮች ሕግ ውሉ የጊዜ ገደብ የሌለው ሆኖ ይቀጥላል። የቀድሞዎቹ ግዴታዎችም አብዛኛውን ጊዜ እንዳሉ ናቸው። «ከ1 ወር በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ» የሚል አንቀጽ ካለበት ሊመለከትዎ ይችላል። ውሉ ስለዚህ ካልተናገረ የአካባቢዎ ሕግ ያስቀመጠው ጊዜ ይሠራል።

አከራይዎ በስልክ መስማማታቸው ከንቱ ነው አልልም። ባለመብቱ ራሱ የማሳወቂያ ጊዜውን ሊተው ይችላል። ጭንቁ «አላልኩም» ያሉ ቀን ነው፤ ማስረዳቱ እርስዎ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ዛሬውኑ የስልክ መልእክት ይላኩላቸው፦ «በዚህ ቀን በስልክ እንደተነጋገርነው፣ በወሩ መጨረሻ ቤቱን እለቃለሁ፤ እርስዎም ተስማምተዋል።» «አዎ» ብለው ከመለሱ ጥሩ ማስረጃ ያዙ ማለት ነው።

ከዚያም እንደሚለቁ የሚያሳውቅ ደብዳቤ ይጻፉ። የቤቱን አድራሻ፣ የሚለቁበትን ቀንና ፊርማዎን ይያዝ። በሁለት ቅጂ አድርገው አንዱ ላይ አከራይዎን «ተቀብያለሁ» አስብለው ከነቀኑ ያስፈርሙ፤ እምቢ ካሉ በአደራ ደብዳቤ ይላኩ። የማሳወቂያው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጠረው ደብዳቤው ከደረሳቸው ጀምሮ ነው፤ እርስዎ ከጻፉበት ቀን አይደለም። ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ላይ ነው።

«ማስያዣው የመጨረሻውን ወር ይሸፍናል» ብለው ኪራይ እንዳያቋርጡ አደራ። ውሉ ካልፈቀደ በስተቀር ያልከፈለ ተከራይ ይሆናሉ፤ ጥያቄዎም ይዳከማል። በሌላ በኩል፣ እርስዎ በለቀቁ ሳምንት አዲስ ተከራይ ከገባ፣ ለዚያው ወር ሁለቴ ኪራይ መሰብሰባቸውን ሊቃወሙ ይችላሉ። እንዲያውም ተተኪ ተከራይ ይዘው ቢቀርቡ ድርድሩ ይቀላል።

ሲወጡ ቤቱን አብራችሁ ተመልከቱ። ፎቶ ያንሱ፣ የመብራትና የውኃ ቆጣሪውን ይመዝግቡ፣ ቁልፉን በፊርማ ያስረክቡ። ይህን ሁሉ አድርገውም አከራይዎ የማስያዣውን ገንዘብ ከያዙብዎት፣ የቆረጡበትን ምክንያትና መጠን በጽሑፍ ይጠይቋቸው።